የተቆረጠ አበባም ውሃ ይጠማዋል

  የዛሬው ንግግራችን ስለ አበባ ነው። “አበባ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?” ትሉ ይሆናል። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ሜዳውም የግቢያችንም ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ ነው። ልጃገረዶች እየዘፈኑ ለጎረቤት አበባ ይሰጣሉ። መስከረም 17 ቀን ደግሞ መስቀል ነው። በደመራውም እንጨት ላይ አደይ አበባ ይታሰራል።

ታዲያ በብዙ ቤት የሚደርስ ነገር አለ። ልጅቷ በዋዜማው አበባ ትለቅማለች። በሣር አስራ መሬት ላይ ታስቀምጥና ትተኛለች። ሲነጋ አበባው አንገቱን ደፍቶ ታገኘዋለች። “እማዬ፣ አበባዬ ጠወለገ!” ብላ ታለቅሳለች። ለመሆኑ ለምን ጠወለገ?

አበባ ከተቆረጠም በኋላ ሕይወት አለው። ሳይቆረጥ ውሃ የሚጠጣው በሥሩ ነው። ውሃው በአገዳው ውስጥ ባሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣል። ስንቆርጠው ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። በቅጠሉና በአበባው በኩል ግን ውሃው እየተነነ መውጣቱን አያቆምም። ምትክ ካላገኘ ይጠወልጋል። እንግዲህ በተቆረጠው አፍ በኩል እናጠጣው።

አንደኛ፦ አበባ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቁረጡ። በቀትር ፀሐይ አትቁረጡ። በእጅም አትንጩት፤ ከነሥሩ ይነቀላል፣ አገዳውም ይጨፈለቃል። በተሳለ ቢላዋ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ወዲያው ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ክተቱት። ያለ ውሃ ከቆየ በቱቦዎቹ አየር ይገባል። አየር ከገባ ውሃው እንደ ልብ አይወጣም።

ሁለተኛ፦ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ መልምሉ። ቅጠል ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራቡበትና ቱቦዎቹን ይደፍናሉ። ስለዚህ ዕቃውም በሳሙና የታጠበ ይሁን። ውድ የአበባ ማስቀመጫ አያሻም። ብርጭቆም፣ ጠርሙስም፣ ጣሳም ይሆናል።

ሦስተኛ፦ አበባው በጥላ ሥር ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠጣ። ከዚያ ደርድሩት። ረጅሙን መሀል፣ አጭሩን ዳር አድርጉ። እምቡጡን ወደ ላይ፣ የፈካውን ወደ ታች አድርጉ። በግቢያችሁ ጽጌረዳ ካለ፣ እሾሁን አንስታችሁ ሁለት ሦስት ጨምሩበት። ብቻ አታጨናንቁት፤ ነፋስ ይግባው።

አራተኛ፦ ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት። ከበሰለ ሙዝም አርቁት፤ የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው አየር አበባን ቶሎ ያስረጀዋል። ውሃውን በየቀኑ ለውጡ። የአገዳውንም ጫፍ በጣት ስፋት ያህል እንደገና ቁረጡ። መጠውለግ የጀመረ እንኳ እንዲህ ከተደረገለት ቀና ሊል ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር ቀረን። የአደይ አበባ ዕድሜ አንድ ዓመት ነው። የከርሞው አደይ የሚበቅለው ከዘንድሮው ዘር ነው። ሁሉንም ቆርጠን ከጨረስን ዘር የሚያረግፍ አይኖርም። ለልጆቻችን የሚተርፈው ወሬው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት አበባ ካያችሁ አንዱን ብቻ ቁረጡ። ሁለቱን ደርቀው ዘራቸውን እስኪያረግፉ ተዉአቸው።

እንግዲህ በዋዜማው ልጃችሁ አበባ ይዛ ስትመጣ፣ “መጀመሪያ ውሃ አጠጪው” በሏት። ይህንንም ጽሑፍ ራሳችሁ አንብቡላት። ሲነጋ አበባዋ ቀና ብሎ ይጠብቃታል።

ደህና ሁኑ።