በሊማሊሞ አጠገብ ባሉ ወረዳዎች ለውኃ ታንከር ስለሚሠራ የብረት መቆሚያ

በተራራ አገር ውኃን ከምንጩ ማግኘት አንድ ሥራ ሲሆን፥ የተገኘውን ውኃ ለሚፈለግበት ቀን አከማችቶ ማቆየት ሁለተኛ ሥራ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያና በዳባት በክረምት ዝናሙ ይበዛል፤ በጋ ሲገፋ ግን ምንጩ ይቀጥናል። ስለዚህ በትምህርት ቤት፥ በጤና ጣቢያና በችግኝ ጣቢያ ሁሉ በብረት እግር ላይ የተቀመጠ የፕላስቲክ ታንከር፥ ይኸውም በተለምዶ ሮቶ የሚባለው፥ የታወቀ ነገር ሆኗል።

ይህ ነገር በሰላም ዘመን ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በሰፋ ጊዜ፥ ከአዲ አርቃይ አቅጣጫ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ በደባርቅ ተጠግቷል። በዚያም ዘመን በዳባት ወረዳ፥ ዓለምዋጭ በተባለው ስፍራ፥ ለኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተቋቁሟል። ሰው በበዛበት ቦታ ሁሉ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ከታንከሩ ሥር ይሰለፋሉ። እንግዲህ መቆሚያው የወደቀ እንደ ሆነ ጉዳቱ የንብረት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የወረዳ ኃላፊዎችም የርክክቡን ወረቀት የሚፈርሙ እነርሱ ስለ ሆኑ፥ በያጆች ስታንድ የሚሉት ይህ መቆሚያ በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚወድቅ ማወቅ ይገባቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የጭነቱን ልክ ማወቅ ያሻል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 5,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር በሞላ ጊዜ ውኃው ብቻ 50 ኩንታል ነው። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር 250 ጀሪካን ይሆናል። የታንከሩ የራሱ ክብደት አንድ ኩንታል ያህል፥ የብረቱም አምስት ኩንታል ያህል ሲጨመርበት፥ ወደ መሬት የሚወርደው ሸክም 56 ኩንታል ይደርሳል። 50 ኩንታል እህል ከጣራው በላይ በአራት እግር ላይ ተከምሮ ቢታይ ከሥሩ ለመቆም የሚደፍር አይገኝም፤ ውኃ ግን በዕቃ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቀመጥ ክብደቱ ይረሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ መቆሚያው በእውነት ያስፈልጋል ወይ? የሚለው ነው። ውኃው ከመውጫው በላይ 10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር በአንድ ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራል። በሊማሊሞ አጠገብ ባሉት ቀበሌዎች ይህን ከፍታ ተራራው በነጻ ይሰጣል። ከችግኝ ጣቢያው በላይ ጽኑ ዳገት ካለ፥ ታንከሩን በዳገቱ ላይ በድንጋይ መደብ አስቀምጦ ውኃውን በቱቦ ማውረድ ከማንኛውም የብረት ሥራ ይልቃል። የብረት መቆሚያ የሚገባው መሬቱ ሜዳ ለሆነበት ስፍራ ነው። በዚያም ቢሆን ከሚፈለገው በላይ ማስረዘም አይገባም። ለጀሪካን መቅጃ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል፤ ለጽድና ለኮሶ ችግኝ በጎማ ውኃ ለማጠጣት ሦስት ሜትር ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ የተጨመረው ሁሉ አደጋን እንጂ ጥቅምን አያበዛም።

አሁን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ስፋት፥ ሦስት ሜትር ቁመት ያለውን መቆሚያ ለምሳሌ እንውሰድ። 56 ኩንታል ለአራት እግር ሲካፈል ለአንዱ 14 ኩንታል ይደርሰዋል። ብዙ ሠራተኞች በዚህ ሒሳብ ይረካሉ፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። አንዱ እግር ጥቂት ቢሰምጥ ወይም ከሌሎቹ ቢያጥር፥ ሸክሙ ለቀሩት ለሦስቱ እኩል አይከፋፈልም። ከሰመጠው እግር ግራና ቀኝ ያሉት፥ እርስ በርሳቸው በሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ እግሮች፥ ሁሉን ይሸከማሉ፤ ለእያንዳንዱም 28 ኩንታል ይደርሰዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ እግር ለ28 ኩንታል ታስቦ መሠራት አለበት።

ቀጥ ያለ ብረት ሲጫን የሚጠፋው በመሰበር ሳይሆን ወደ ጎን በመጉበጥ ነው። በመካከል ሳይያዝ የሚቆመው ርዝመት እጥፍ በሆነ ጊዜ፥ መጉበጥን የሚቋቋምበት ኃይሉ ወደ አራተኛ እጁ ይወርዳል። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለውን እግር በመካከሉ፥ ማለት በአንድ ሜትር ተኩል ላይ፥ በአግዳሚ ብረትና በሰያፍ መያዝ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እንደዚህ ከተያዘ ጎንና ጎኑ 70 ሚሊ ሜትር፥ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ የአንግል ብረት ለእግሩ ይበቃል። ካልተያዘ ግን ከዚህ የወፈረውም የሚታመን አይሆንም።

ስለ ሰያፉ የገበሬው ማማ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እህሉን ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ማማ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አራት እንጨት ተተክሎ ከላይ ብቻ የታሰረ እንደ ሆነ ሰው ሲወጣበት ይወዛወዛል፤ በጎኑ እንጨት በሰያፍ ሲታሰርበት ግን ይጸናል። ምክንያቱም አራት ማዕዘን በመጋጠሚያው ሊዘም ይችላል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ጎኖቹ ካልተሰበሩ ወይም ካልጎበጡ በቀር ቅርጹን አይለውጥም። ስለዚህ በአራቱም ጎን ሰያፍ መኖር አለበት። ለመተላለፊያ ይመቸን ብሎ አንዱን ጎን ያለ ሰያፍ መተው መቆሚያውን በዚያ በኩል ደካማ ያደርገዋል።

ከላይ ታንከሩ የሚያርፍበት መደብ የሚሠራው ዩ ቅርጽ ባለው ብረት ነው። በዙሪያው ያሉት አራቱ ጠርዞች ቁመታቸው 12 ሳንቲሜትር፥ በመካከል የሚጋደሙት አምስቱ ደግሞ 8 ሳንቲሜትር ቢሆኑ ይበቃል። እነዚህም በጎናቸው መቆም አለባቸው እንጂ ተኝተው መቀመጥ የለባቸውም። ሳንቃ በጠፍጣፋው ሲረገጥ እንደሚጎብጥ፥ በጠርዙ ቆሞ ሲረገጥ ግን እንደሚጸና፥ ብረትም እንዲሁ ነው። የአንድ አግዳሚ ቁመት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ፥ አለመጉበጡም ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአግዳሚዎቹ ላይ የታንከሩ ሥር ሙሉ በሙሉ የሚያርፍበት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይነጠፋል።

መደቡ ልኩን የጠበቀ ለጥ ያለ ካልሆነ የሚመጣውን ጉዳት የዓሣ ማሳያ የመስተዋት ገንዳ ያስረዳል። ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱና ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 720 ሊትር፥ ማለት ከ7 ኩንታል በላይ ውኃ ይይዛል። መቆሚያው ጥቂት የተጠማዘዘ እንደ ሆነ መስተዋቱ ይሰነጠቃል፤ የሠራተኛውም ስሕተት ቶሎ ይገለጣል። የፕላስቲክ ታንከር ግን ጠማማውን መደብ ችሎ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ሥሩም ቀስ በቀስ በክፍተቱ በኩል እየወረደ ከብዙ ወራት በኋላ ይቀደዳል። ስለዚህ ሥራው በፕላስቲክ ቢሆንም ጥንቃቄው በመስተዋት ልክ ይሁን።

ቀጥሎ የመሠረቱ ነገር ነው። የብረቱ እግር በ10 ሳንቲሜትር ካሬ ጫማ መሬት ላይ ቢቆም፥ 14 ኩንታሉ በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 14 ኪሎ ግራም ይጫናል፤ ይህን እርጥብ አፈር አይችለውም። ጫማው 80 ሳንቲሜትር በ80 ሳንቲሜትር በሆነ ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ ግን፥ 28 ኩንታል እንኳ ቢመጣ በካሬ ሳንቲሜትር ከግማሽ ኪሎ ግራም አይበልጥም። ዋልካ አፈር በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ፥ ጉድጓዱ ስንጥቁን አልፎ ጽኑ መሬት ወይም ድንጋይ እስኪገኝ ድረስ ይቆፈር። ኮንክሪቱ ሲሚንቶ 1 እጅ፥ አሸዋ 2 እጅ፥ ጠጠር 3 እጅ ሆኖ ይቦካል፤ ፌሮም ይገባበታል። ከፈሰሰም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ። የደባርቅ ብርድ መጠንከሩን ስለሚያዘገየው 28 ቀን ሳይሞላው ሙሉ ጭነት አይጫንበት።

ከጭነቱም ይልቅ ለመሠረት ጠላቱ ሥር የሚገባ ውኃ ነው። ጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በሊማሊሞ ገደል ላይ የተጠረበውን መንገድ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍና ናዳ እንደሚያስቸግሩት መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። በመቆሚያውም እግር የሚሆነው ይኸው ነገር በትንሹ ነው። ከቧንቧው የሚንጠባጠበውና ታንከሩ ሲሞላ የሚተርፈው ውኃ በአንዱ እግር ሥር ቢፈስ፥ አፈሩ ይለሰልሳል፤ ያ እግር ይሰምጣል፤ ከላይ እንደ ተነገረውም ሸክሙ በሁለቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መቅጃው ቧንቧ ከመቆሚያው ራቅ ብሎ ይተከል፤ የትርፉም ውኃ በቱቦ ተመርቶ ወደ ችግኙ ወይም ወደ ከብት ገንዳ ይውረድ። እንዲህ ሲሆን ሕዝቡም ከጭነቱ ሥር መቆሙ ይቀርለታል።

የሞላ ታንከር በክብደቱ የሚያሰጋውን ያህል ባዶው ደግሞ በነፋስ ያሰጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ዐውሎ ነፋስ 5,000 ሊትር የሚይዘውን ታንከር ወደ 90 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ይገፋዋል፤ የባዶው ታንከር ክብደት ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ገደሉ አፍ ላይ ባሉ ስፍራዎች ይህ ሊናቅ አይገባም። ታንከሩ በጠፍጣፋ ብረት ወይም በሽቦ ገመድ ከመደቡ ጋር ይታሰር፤ እያንዳንዱም እግር 20 ሳንቲሜትር ካሬ በሆነ ወፍራም የብረት ጫማና በአራት ቡሎን ከኮንክሪቱ ጋር ይያዝ።

ብየዳው በነጥብ በነጥብ የተያያዘ ሳይሆን መጋጠሚያውን ሁሉ የዞረ ይሁን። የብየዳው ቅርፊት በመዶሻ ተራግፎ ካልታየ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ አይታወቅም። ዝገቱ በብሩሽ ከተጠረገ በኋላ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ከዚያም የላይኛው ቀለም ይከተል። ለእግር ቱቦላሬ የተመረጠ እንደ ሆነ አፉ ሁሉ በብየዳ ይደፈን፤ ውስጡ የገባ ውኃ በማይታይበት ስፍራ ብረቱን ይበላዋልና።

ከርክክብ በፊት ፈተና ይደረግ። ባዶውን መቆሚያ በቱንቢና በውኃ ልክ መለካት፤ ታንከሩን እስከ ሢሶው ሞልቶ አንድ ቀን ማቆየትና ዳግመኛ መለካት፤ ከዚያ እስከ ሁለት ሦስተኛው፥ በመጨረሻም እስከ አፉ ሞልቶ እንዲሁ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ከሥሩ አይቁም። ቱንቢው ከፊተኛው ልክ ቢሸሽ ውኃው ወዲያው ይለቀቅ፤ መሠረቱም ይመርመር። ንድፉን አስቀድሞ የወረዳው መሐንዲስ ማየት አለበት፤ በዚህ የተጻፈው ቁጥር ለተጠቀሰው ልክ ብቻ ነውና ታንከሩ ሲበልጥ ወይም ቁመቱ ሲጨምር ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። ከዚያም በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የእግሩ ሥር፥ ቡሎኑና መጋጠሚያው ይታይ።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ለአንድ ሰያፍና ለአንድ ጉድጓድ ኮንክሪት የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በተሰለፈው ሕዝብ ላይ 50 ኩንታል የወረደ እንደ ሆነ ግን የሚክሰው ገንዘብ የለም። ስለዚህ የርክክቡን ወረቀት የሚፈርም ኃላፊ፥ የቀለሙን ማማር ሳይሆን የቱንቢውን ልክ በዓይኑ አይቶ ይፈርም።