የችግኝ ማፍያ ትሪ እንዴት እንምረጥ?
ለሰርቦና ለአካባቢዋ የጓሮ አትክልት አምራቾች

ሰርቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ ለችግኝ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ የቡና ችግኝን በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማፍላት፣ ዳስ መጣልና ውኃ ማጠጣት የኖረበት ሙያ ነው። የጎመን፣ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚፈላው በመሬት ላይ በተዘጋጀ መደብ ነው። ወደ ትሪ ለመሸጋገር የሚያስቡ ቤተሰቦችና ማኅበራት በየገበያው የተለያየ መጠን፣ ውፍረትና ዋጋ ያለው ዕቃ ሲያዩ ምርጫው ይቸግራቸዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ትሪ ከመገዛቱ አስቀድሞ ሊታሰቡ የሚገባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ትሪ ለምን ያስፈልጋል?

በመደብ ላይ የበቀለ ችግኝ ሲነቀል ጥቃቅን ሥሮቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ውኃ የሚስቡት እነርሱ ስለሆኑ ችግኙ በአዲሱ ማሳ ላይ ለቀናት ይጠወልጋል፤ ከፊሉም ይሞታል። በትሪ የበቀለው ግን ሥሩ አፈሩን እንደ ጨበጠ ስለሚወጣ ሳይደነግጥ እድገቱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ጥቅም ዘርን መቆጠብ ነው። የድቅል ዝርያ ዘር ውድ ስለሆነ በእፍኝ የሚበተን አይደለም፤ በትሪ ግን በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ፍሬ ብቻ ይዘራል። ሦስተኛው፣ ችግኝን ከአንገቱ አበስብሶ የሚጥለው የአጠውልግ በሽታ በመደብ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሲዛመት፣ በትሪ ላይ ግን የታመመውን ለይቶ ማውጣት ይቀላል።

ይሁን እንጂ ትሪ ለሁሉም ሰብል አይሆንም። ካሮት ሲዛወር ሥሩ ስለሚበላሽ በቀጥታ በማሳው ላይ ይዘራል። ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ለአንድ ሄክታር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ችግኝ ስለሚፈልግ በመደብ ማፍላቱ ይሻላል።

የጉድጓዱ ብዛትና ስፋት

በብዛት የሚገኙት ትሪዎች 54 ሳንቲ ሜትር በ28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚለያዩት በጉድጓዶቻቸው ብዛት ነው፤ ባለ 50፣ ባለ 72፣ ባለ 128 እና ባለ 200 ጉድጓድ አሉ። የትሪው ስፋት አንድ ስለሆነ ጉድጓዱ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ይጠባል፣ የሚይዘውም አፈር ያንሳል።

ብዙ ሰው ጉድጓዱ የበዛውን ትሪ አተርፍበታለሁ ብሎ ይመርጣል። ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። ጥቅል ጎመን በመስመር መካከል 60፣ በተክል መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ቢተከል፣ ሩብ ሄክታር ማሳ 10,400 ያህል ችግኝ ይፈልጋል። ለመጠባበቂያ አንድ አሥረኛ ብንጨምር 11,440 ይሆናል። ይህም 58 ባለ 200፣ ወይም 90 ባለ 128፣ ወይም 159 ባለ 72 ጉድጓድ ትሪ ማለት ነው። ትሪዎቹ የሚያርፉበት ቦታም እንደየቅደም ተከተላቸው ወደ 9፣ ወደ 14 እና ወደ 24 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በገንዘብና በቦታ ብቻ ከታየ ባለ 200 ጉድጓዱ ያሸንፋል።

ነገር ግን ጠባብ ጉድጓድ ሁለት ነገሮችን ከገበሬው ይጠይቃል። የመጀመሪያው ውኃ ነው። ጥቂት አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ ፀሐይ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠጣት አለበት። ውኃው ከሩቅ በጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ ድካሙ የሚያርፈው በእናቶችና በልጆች ጫንቃ ላይ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሥሩ ጉድጓዱን ከሞላ በኋላ ችግኙ ካልተዛወረ ሥሩ መጠምዘዝ፣ ቅጠሉም መቢጨት ይጀምራል። በቡና ከረጢት ግርጌ የተጠማዘዘ ዋና ሥር ምን ጉዳት እንደሚያመጣ የሰርቦ ገበሬ አሳምሮ ያውቃል፤ ሲተክል የከረጢቱን ግርጌ የሚቆርጠውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ በቡና አገር ልዩ ክብደት አለው። የአትክልት ገበያ በጾም ወራት ይደምቃል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ጥቅል ጎመንን የካቲት አጋማሽ ላይ ለገበያ ለማድረስ፣ የማፍያውና የማሳው ጊዜ ተደምሮ አራት ወር ከጥቂት ቀናት ስለሚወስድ፣ ዘሩ በጥቅምት መጀመሪያ መዘራት አለበት። ችግኙም ለመዛወር የሚደርሰው በኅዳር ነው። ኅዳር ግን ቀይ የቡና ፍሬ የሚለቀምበት፣ በቤቱ ሥራ ፈት ሰው የማይገኝበት ወር ነው። ችግኙ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቁ አይቀርም። ባለ 200 ጉድጓድ ትሪ ይህን መዘግየት አይታገሥም።

ስለዚህ በአካባቢያችን ለጥቅል ጎመንና ለሐበሻ ጎመን ባለ 128 ጉድጓድ፣ ለቲማቲም ባለ 128 ወይም ባለ 72፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በማፍያ ለሚቆዩት ቃሪያና በርበሬ ደግሞ ባለ 72 ጉድጓድ እንዲመረጥ እንመክራለን። ባለ 200 ጉድጓዱ ቶሎ ለሚዛወረው ሰላጣ፣ ወይም ውኃና የሰው ኃይል በእጁ ላለ አምራች ይስማማል።

የትሪው ጥንካሬ

ስስ የፕላስቲክ ትሪ ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም ከአንድ ወይም ከሁለት ወቅት በኋላ ይሰነጠቃል። ወፍራሙ በጥንቃቄ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። ዋጋን ማነጻጸር የሚገባው ትሪው በሚያገለግልበት ወቅት ቁጥር አካፍሎ ነው። ዋጋው ሦስት እጥፍ የሆነ ትሪ ስምንት ወቅት ቢያገለግልና ርካሹ ሁለት ብቻ ቢያገለግል፣ በእያንዳንዱ ወቅት ወጪው የሚያንሰው የውዱ ነው። ነጩ የፎም ትሪ ሙቀትን ይከላከላል፤ ነገር ግን ሥር ግድግዳውን እየበሳ ስለሚገባ ለማጽዳት ያስቸግራል።

በሱቅ ሳሉ ትሪውን በአንድ ጫፉ ይዞ ማንሣት ጥሩ ፈተና ነው፤ ባዶውን ሳለ ከተልፈሰፈሰ በእርጥብ አፈር ሲሞላ ይሰበራል። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ግርጌ የተበሳ መሆኑን፣ ጉድጓዱም ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድና ውስጡ ለስላሳ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ እንዲህ ያለው ችግኙን ሳይጎዳ ይለቃል።

ከተገዛ በኋላ

ትሪውን በመሬት ላይ ማስቀመጥ ጥቅሙን ያስቀራል። ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ በተሠራ ቆጥ ላይ ሲቀመጥ ከታች አየር ስለሚያገኘው፣ ከቀዳዳው ብቅ ያለው ሥር ደርቆ ይቆማል፤ በውስጥም ብዙ ቅርንጫፍ ሥር ያወጣል። ለአፈሩ የደን አፈር፣ በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስትና አሸዋ ቀላቅሎ በወንፊት መንፋት ይበቃል። በየቡና መፈልፈያው የሚከመረው ገለባም ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል፤ ሳይበሰብስ ከተደባለቀ ግን ለጋ ችግኝን ይጎዳል።

ከእያንዳንዱ ወቅት በኋላ ትሪውን አጥቦ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበረዘበት ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ በጥላ ሥር ማስቀመጥ በሽታ ወደሚቀጥለው ዘር እንዳይተላለፍ ያደርጋል።

ትሪ መግዣ ለሌለው ቤተሰብም መንገዱ አልተዘጋም። ለጓሮ የሚበቃ ሃምሳ ወይም መቶ ችግኝ ግርጌው በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ቁራጭ ወይም በኮባ ቅጠል በተጠቀለለ አፈር ሊፈላ ይችላል። በማኅበር የተደራጁ ደግሞ ትሪውን በጋራ ገዝተው የመዝሪያ ሳምንታቸውን ቢያፈራርቁ፣ በአንድ ቤት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጠው ዕቃ ብዙ ቤቶችን ያገለግላል። ምርጫውን ከመወሰናችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንመልስ፦ ችግኙ በማፍያው ስንት ቀን ይቆያል? ውኃውን ማን ያጠጣል? በሚዛወርበት ሳምንትስ ሰው ይገኛል? የእነዚህ መልስ ከታወቀ ትክክለኛው ትሪ ራሱ ይለያል።