ከቄራ የተገኘው ሆርሞን

መቀሌ ውስጥ ሓወልቲ አካባቢ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ጥቂት ብትቆሙ፣ «ጨጓራዬ አስቸገረኝ፣ ኦሜፕራዞል ስጡኝ» የሚል ሰው አታጡም። የጨጓራ ቁስለት መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ወይም እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ነው። ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋ፣ ማስታገሻውም ሲቆም ቁስለቱ ይድናል። ከአንድ ሚሊዮን ሰው በዓመት ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑትን የሚይዘው ሕመም ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

እ.ኤ.አ. በ1955 ሮበርት ዞሊንገርና ኤድዊን ኤሊሰን የተባሉ የኦሃዮ ሐኪሞች ይህ ሕመም የያዛቸውን የሁለት ሴቶች ታሪክ አሳተሙ። የሴቶቹ ቁስለት ከተለመደው ቦታ አልፎ ትንሹ አንጀት ውስጥ ወርዷል፤ ቀዶ ሕክምና ቢደጋገምም አሲዱ አልበረደም። ሁለቱም ቆሽታቸው ላይ ዕጢ ተገኘባቸው። ሐኪሞቹ ጨጓራን አሲድ እንዲያመነጭ የሚያዝዝ ሆርሞን ከዚያ ዕጢ ይወጣ ይሆናል ብለው ጠረጠሩ።

እንዲህ ያለ ሆርሞን መኖሩን እንግሊዛዊው ጆን ኤድኪንስ ገና በ1905 ተናግሮ፣ ስሙንም ጋስትሪን ብሎት ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም። ምክንያቱም በብዙ የሰውነት ክፍሎች የሚገኘው ሂስታሚን አሲድን ይጨምራል፤ ስለዚህ ኤድኪንስ ያየው የሂስታሚንን ሥራ ነው ተባለ። ክርክሩን የሚቋጨው ሆርሞኑን ለብቻው አንጥሮ ማሳየት ብቻ ነበር።

ይህን የሠሩት የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዎቹ ሮደሪክ ግሪጎሪና ሂልዳ ትሬሲ ናቸው። ጥሬ ዕቃቸው ከቄራ የመጣ የአሳማ ጨጓራ ነበር። የታችኛውን ክፍል የውስጥ ሽፋን ወስደው ፈሳሹን ያወጣሉ፤ በኬሚካል ዘዴ ደረጃ በደረጃ ይከፋፍሉታል፤ ክፍልፋዩን ለውሻ ወግተው የሚመነጨውን አሲድ ይለካሉ። አሲድ ያስመነጨውን ይዘው፣ ሌላውን ጥለው፣ እንደገና ያጣራሉ። በ1960 ከአንድ ሕመምተኛ ዕጢ ያወጡት ንጥረ ነገርም አሲድ በማስመንጨቱ የዞሊንገርና የኤሊሰን ጥርጣሬ ተጠናከረ። በ1964 ደግሞ ከአሳማው ጨጓራ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት ንጹሕ ጋስትሪኖች አቀረቡ። እያንዳንዳቸው 17 አሚኖ አሲዶች አሏቸው፤ አሲድ ለማስመንጨት ግን የመጨረሻዎቹ አራቱ ብቻቸውን ይበቃሉ። ኤድኪንስም ከ59 ዓመት በኋላ ትክክለኛነቱ ተረጋገጠለት።

ዛሬ ዞሊንገርና ኤሊሰን የገለጹትን ሕመም ለመለየት በባዶ ሆድ በተቀዳ ደም ውስጥ ያለው ጋስትሪን ይለካል፤ የጨጓራው አሲድም አብሮ ይታያል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ዕጢ ይጠረጠራል። የጋስትሪን መጨመር ብቻውን ግን አያስወስንም፤ ኦሜፕራዞል አሲዱን ሲቀንስ ሰውነት ጋስትሪን ስለሚያበዛ ጤነኛውንም በሽተኛ ሊያስመስል ይችላል።

ስለዚህ ቁስለታችሁ ታክሞ የሚመለስ ከሆነ፣ በተለይም የማያቋርጥ ተቅማጥ ካለባችሁ፣ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጡን ትታችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩት፤ ሳያማክሩ በድንገት ማቆምም አደጋ አለው።