ቪሎግ፦ በእጅ ካለ ስልክ የሚጀመር ሙያ

ቪሎግ አንድ ሰው ኑሮውን፣ ዕውቀቱን ወይም ሥራውን ለተመልካች የሚያካፍልበት ተከታታይ ቪዲዮ ነው። ከቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚለየው የሚቀርጸውም፣ የሚያቀናብረውም፣ የሚያሠራጨውም አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ራሱ በመሆኑ ነው።

ለዚህ ሥራ ሰፊውን በር የከፈተው ዩቲዩብ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. የጣቢያውን የመጀመሪያ ቪዲዮ ጫነ። በአሜሪካ ሳንዲዬጎ ከተማ በሚገኝ የአራዊት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት ይናገራል፤ ቪዲዮው 19 ሴኮንድ ብቻ ነው። ዛሬም ለመጀመር የሚያስፈልገው ከዚያ ብዙ አይበልጥም፤ የሚያሳዩት ነገርና ስለ እሱ የሚናገሩት ቁም ነገር።

ስለዚህ ካሜራ ከመግዛት በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ፦ ቪዲዮው ለማን ነው? ሽሮሜዳ የሀገር ልብስ የሚሸጥ ነጋዴን እናስብ። «ኑና ግዙ» ከማለት ይልቅ፣ በሸማኔ እጅ የተሠራን ጥለት በፋብሪካ ከታተመ ጨርቅ እንዴት መለየት እንደሚቻል ቢያሳይ፣ ዋሽንግተን ያለች ደንበኛ ገንዘብ ከመላኳ በፊት ታምነዋለች። ለግል የሚቀርጽ ሰውም ሕጉ ያው ነው። በአንድ ቪዲዮ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ ጉዳዩም ገና ከመጀመሪያው ይነገር። ረጅም ሰላምታ ተመልካች ያባርራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ነው። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ወዲያው ይዘጋል። የስልክ ማይክ ከተናጋሪው በራቀ ቁጥር የመንገዱንና የክፍሉን ጫጫታ ይሰበስባል። ኮሌታ ላይ የምትሰካ ርካሽ ማይክ ይህን ታቃልላለች። እሷ ከሌለች ወደ ስልኩ መቅረብ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ባለበት ክፍል መቅረጽ ይጠቅማል።

ለብርሃን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ፊትን ወደ መስኮት ማዞር ይበቃል። መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ ግን ፊት ይጠቁራል። ውጭ ለሚቀርጽ ደግሞ ጠዋትና አመሻሽ ይመረጣል፤ በኢትዮጵያ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ከዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች።

ቤት ውስጥ ሲቀረጽ ብዙ ጀማሪ የሚቸገርበት ሌላ ነገር አለ፤ ምስሉ ላይ የሚመላለሱ ጥቋቁር መስመሮች። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በዚህም አንዳንድ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይን አያየውም፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀርጽ ስልክ ግን ሊይዘው ይችላል። ስልኩ ከፈቀደ የሸተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ማድረግ መፍትሔ ነው፤ 25 ፍሬም መምረጥም ይረዳል። ሞገዱ 60 በሆነበት በአሜሪካ ለሚቀርጹ ወገኖች 30 ፍሬም ይስማማቸዋል።

ኤዲት ሲደረግ ዋናው ሥራ መቁረጥ ነው፤ የተደገመ ቃልና ባዶ ዝምታ ይውጣ። የሌላ ሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ ማስገባት ግን አይገባም። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለሙያውን መብት ይጠብቃል፤ ዩቲዩብም ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞር ይችላል። ፊቱ የሚታይ ሰው ካለም አስቀድሞ ማስፈቀድ ክብሩን መጠበቅ ነው።

ዩቲዩብ በረጅም ቪዲዮዎች ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ለነጋዴ ግን ትርፉ ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ ጥቂት ተመልካቾች እንኳ እውነተኛ ገዢዎች ከሆኑ ድካሙን ይክሳሉ። በየሳምንቱ በማይታጠፍ ቀን አንድ ቪዲዮ ማውጣት፣ ሰዎች የሚጠይቁትን መዝግቦ ለቀጣዩ ርዕስ ማድረግ፤ ቻናል የሚያድገው በዚህ ትጋት ነው።