ደም አይታይም ማለት ደም አይፈስም ማለት አይደለም

አንድ ልጅ ባጃጅ ገጨው እንበል። ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈና «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ቤቱ ገባ። ከሰዓታት በኋላ ግን ራሱን ስቶ ወደቀ። ምን ሆነ?

ይሄ የውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ሆድ በኃይል ሲመታ ጣፊያ ወይም ጉበት ሊቀደድ ይችላል። ደሙ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ አዋቂ ሰው ያለው ደም 5 ሊትር አካባቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ልብ ቶሎ ቶሎ እየመታ፣ የደም ስሮችም እየጠበቡ ጉድለቱን ስለሚሸፍኑት በተለይ ወጣት ሰው ደህና ይመስላል። ሲደክም ግን በአንዴ ነው።

ምልክቶቹ
👉 ፊትና ከንፈር መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ
👉 ፈጣንና ደካማ የልብ ምት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ
👉 ኃይለኛ ጥማት፣ ማዞር፣ መወዛገብ
👉 የሆድ ህመም፣ ሆድ መነፋት ወይም መጠንከር፣ እየሰፋ የሚሄድ የበለዘ ቦታ
👉 የቡና አተላ የሚመስል ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት

አደጋ ሳይደርስም ሊያጋጥም ይችላል። የወር አበባዋ የቀረ ሴት ድንገት ከእምብርት በታች ኃይለኛ ህመም ይዟት ካዞራት፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አትስጡት።

ምን እናድርግ?
✅ ወዲያው 907 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939ም አለ። አምቡላንስ ከዘገየ መኪና ፈልጋችሁ አስተኝታችሁ ውሰዱት። ቀዶ ጥገና የሚሰራ ሆስፒታል ቢሆን ይመረጣል፤ ይሄ ደም በእጅ ተጭነን የምናቆመው አይደለም።
✅ በጀርባው አስተኙት፣ ጋቢ ወይም ጃኬት አልብሱት። ካስመለሰው ወይም ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ አንገቱን ደግፋችሁ በጎኑ አዙሩት። ትንፋሹ ከቆመ የደረት ግፊት ጀምሩ።
✅ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ያዙና ለሐኪሙ ንገሩ።

ምን አናድርግ?
❌ ውሃም፣ ለስላሳም፣ ምግብም አትስጡት። «ጠማኝ» ቢል እንኳን ከንፈሩን ብቻ አርጥቡለት፤ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል።
❌ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አትስጡት። የደም መፍሰሱን ሊያባብሱ ይችላሉ።
❌ ሆዱን አትሹት፣ ወጌሻ ጋም አትውሰዱት።

የጣፊያ ጉዳት አንዳንዴ ከቀናት በኋላም ሊደማ ይችላል። ስለዚህ በኃይል የተመታ ጓደኛችሁ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም ይመርመር፣ ብቻውንም አትተዉት። ሼር አድርጉት፣ ነገ ለማን እንደሚያስፈልግ አይታወቅም።