ጥቁር አዝሙድ፦ ከኢፍጣር ማዕድ እስከ አንጎል ዘበኞች

በረመዳን ወጥ ቤታችን በቅመም መዓዛ ይታወዳል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ማክሰኝትም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ ጥቁር አዝሙድ ከዳቦውም ከበርበሬውም አይጠፋም። ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥረን እናሸተዋለን። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ፈውስነቱን መናገራቸው በቡኻሪ ስለተዘገበም፣ በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ያለው ክብር ከቅመምነት ያልፋል።

ታዲያ አባት ወይም እናት የልጆቻቸውን ስም መርሳት ሲጀምሩ፣ ብዙዎቻችን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ፍለጋ እንወጣለን። ሳይንሱ የት ደርሷል?

አንጎላችን የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ስፔናዊው ተመራማሪ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 እ.ኤ.አ. ለይቶ ገልጿቸዋል። ጀርም ሲገባ ይዋጋሉ፤ የሞተ ሕዋስ ያጸዳሉ። ችግሩ ዘበኛው ተቆጥቶ ሳይበርድ ሲቀር ነው፤ በጠላት ላይ የሚረጨው ኬሚካል ጤነኛውን ነርቭም ይጎዳል። ይህ ሥር የሰደደ ብግነት በአልዛይመርና በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ ይታያል።

በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ቲሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ቲሞኪኖን የተቆጡ የማይክሮግሊያ ሕዋሳት የሚያመነጩትን ናይትሪክ ኦክሳይድና ሌሎች የብግነት መልእክተኞች ቀንሷል። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንም በቤተ ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል።

ነገር ግን እነዚያ በሳህን ላይ ያደጉ የአይጥ ሕዋሳት ናቸው። የምንበላው ቅመም በሆድና በጉበት አልፎ፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባውን ጥብቅ በር መሻገር አለበት። ኩርኩሚን ከተበላ በኋላ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። የመርሳት በሽታን እንዲያክም የጸደቀ የጥቁር አዝሙድ መድኃኒትም እስካሁን የለም።

ስለዚህ በዳቦውና በወጡ እንጠቀምበት። ዘይቱን በብዛት መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ሊቀንስ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ጿሚ ሐኪሙን ሳያማክር ቢጨምርበት ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል።

የሚረሳ ወላጅ ያለን ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው። መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። በዘይት ፍለጋ የሚያልፈው ወር፣ ሊድን የሚችለውን ሕመም ሊያከፋው ይችላል።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ሰዓቱን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን እንጠይቅላቸው፤ በራሳችን አናቋርጥባቸው። ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን የማካካስ ፈቃድ በቁርኣን ተሰጥቷል። ጥቁር አዝሙዱ ከማዕዳችን አይጥፋ፤ ወላጆቻችንም ከሕክምናቸው አይጉደሉ።