አዲስ ቴአትር ሊያይ ከመሐል ሜዳ የሚነሳ ሰው

«በዚህ ወር አዲስ አበባ ምን አዲስ ቴአትር ተከፈተ?» የሚል የመንዟ የመሐል ሜዳ ሰው ከወሩ በፊት የሳምንቱን ቀን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች የሚሠሩት በቀን ድልድል ነው። ተውኔቱ ተገምግሞ፣ ተዋንያን ተመርጠውለት፣ ተጠንቶና ተመርቆ ለሕዝብ ሲቀርብ ከሳምንቱ አንድ ቀን ይሰጠዋል፤ ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ፣ እሁድ ከሆነ እሁድ። ተመልካች እስካልራቀው ድረስም ቀኑን ይዞ ይቆያል። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቴአትር ለዓመታት የዘለቀው በዚሁ አሠራር ነው።

ለንደን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳምንት 8 ጊዜ ሲታይ ኖሯል፤ ለጊዜው ያቋረጠው ኮሮና ነው። በሳምንት አንዴ የሚታይ የአዲስ አበባ ተውኔት አንድም ሳምንት ሳይዘል ዓመቱን ቢሞላ 52 ጊዜ ይታያል። ይህ ለለንደኑ የሰባት ሳምንት ሥራ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ እኛ ዘንድ አንድ ቴአትር ሁለት ዓመት ቆየ ማለት ብዙ ሰው አየው ማለት ላይሆን ይችላል። ቀኑን የያዘው ካልወረደ ደግሞ ለአዲሱ ቦታ አይገኝም፤ በየወሩ የሚመረቀው ጥቂት የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የመንዝና የአካባቢው ሰው ይህን ሲሰማ ሌላም ነገር ማወቅ አለበት። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ከተጀመረ ጀምሮ የሰሜን ሸዋ ሰዎች እጅ አለበት።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰያ ደብር ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት አውሬዎችን እያናገሩ የሹማምንቱን ምግባር ነቀፉ። ቤተ መንግሥቱ ነገሩ ስለገባው ተውኔቱ ታገደ።

የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሲል፣ በ1927 ዓ.ም.፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቹ መኰንን ሀብተ ወልድ ቤተሰባቸው ከቡልጋ ነው። የዛሬው ሀገር ፍቅር ቴአትር የዚያ ማኅበር ልጅ ነው።

ሦስተኛው ሰው የተጉለቱ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ናቸው። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሕንፃ ግንባታው በጣሊያኖች ለሲኒማ ቤትነት ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ የቀረ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። በምርቃቱ መድረክ ላይ የታየው «ዳዊትና ኦርዮን» የመኰንን ድርሰት ነው። ደራሲው ያን ጊዜ በሥራ ላይ ያሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ!

ሰያ ደብር፣ ቡልጋ፣ ተጉለት። ሁሉም እንደ መንዝ ሰሜን ሸዋ ነው። ሰዎቹ ግን ቴአትሩን የተከሉት መናገሻው ከተማ ላይ ነው፤ በየሳምንቱ ትርኢት የሚያቀርቡት ትልልቅ ቤቶችም ዛሬ ድረስ እዚያው ናቸው።

ከመሐል ሜዳ በሞላሌ አድርጎ፣ ጣርማበር ላይ ዋናውን አስፋልት ይዞ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ቀኑ በመንገድ ያልቅበታል። ከደብረ ብርሃን ብቻ እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ብዙዎቹ ትርኢቶች የሚጀምሩት ደግሞ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ ቴአትር ማየት ለእሱ ማደርን ይጨምራል። የመግቢያው ዋጋ ከትራንስፖርቱና ከአልጋው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

መፍትሔው ከድልድሉ ውስጥ አለ። ማክሰኞ የሚታይ ተውኔት የቀሩትን ስድስት ቀናት መድረክ የለውም። ተዋንያኑ ጥናታቸውን ጨርሰዋል፣ አልባሳቱም ተሰፍቷል። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ደብረ ብርሃን፣ ዓለም ከተማና መሐል ሜዳ ቢመጣ ከዜሮ አይጀምርም። በደርግ ዘመን የየአውራጃው የኪነት ቡድን በየወረዳው ሲዞር ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ እንደሚቻል ይመሰክራሉ።

እስከዚያው አዲስ አበባ ጉዳይ ያላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ዘመድ ጋ ደውላችሁ የትኛው ተውኔት በየትኛው ቀን እንደሚታይ አስጠይቁ። ጉዳያችሁንም በዚያው ቀን አስይዙ።